ከአንድ እርባታ ዓሦች 9 ዓይነት ባክቴሪያ፦ ብዝኃነቱ የሚነግረን ምንድን ነው?

አዌቱ ዳር (ጅማ)፣ ታኅሣሥ 3

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ የድኅረ ምረቃ ትምህርቴን እየተከታተልሁ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌም በቆሮሶ ዓሣ ላይ በሽታ የሚያስከትሉ ባክቴሪያዎችን የዘረመል ብዝኃነት የሚመለከት ነው። ከውጤቴ ግማሹን አግኝቼ ትርጉሙ ስለጠፋኝ ወደ እናንተ መጥቻለሁ። ነገሩ የሚገባው ከነመነሻው ሲነገር ስለሆነ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ኅዳር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሦስት ኩሬዎች ያሏቸው አንድ አርቢ ዓሦቻቸው በየቀኑ እየሞቱ መሆኑን ነግረውን ሄድን። ኩሬዎቹ ውኃ የሚያገኙት ከአንዲት ጅረት ሲሆን፣ ከጅረቷ በላይኛው በኩል የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። ወቅቱ እሸት ቡና የሚፈለፈልበት ስለነበረ ውኃው ጠቁሮ፣ እንደ ኮመጠጠ ሊጥ ይሸት ነበር። ያነሣናቸው ዓሦች ሆዳቸው ተነፍቷል፤ ክንፋቸው ሥር ደም ቋጥሯል፤ አንዳንዶቹም በጎናቸው ላይ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ዙሪያው የቀላ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቁስል ነበረባቸው። የኩሬዎቹ ባለቤት ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የማጠቢያው ፍሳሽ ነው ይላሉ። አብሯቸው የሚሠራው የወንድማቸው ልጅ ግን ሞቱ የጀመረው በጥቅምት ከሌላ አርቢ ኩሬ የዓሣ ጫጩት በጀሪካን መጥቶ ከተጨመረ በኋላ ነው ብሎ በፊታችን ተከራከራቸው። እኛም ዝም ብለን ናሙናችንን ወሰድን።

ከ11 ዓሦች 18 አይሶሌቶች (ከናሙና ነጥዬ ለየብቻ ያሳደግኋቸው ባክቴሪያዎች) አገኘሁ። ሁሉም ግራም ኔጌቲቭ ዘንግ ቅርጽ ያላቸው፣ ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ፣ ተንቀሳቃሽና ግሉኮስን የሚያፈሉ ናቸው፤ ስለዚህ ኤሮሞናስ (በውኃ ውስጥ የሚኖር የባክቴሪያ ወገን) መሆናቸውን አልተጠራጠርሁም። የ6ቱን 16ኤስ ጂን ወደ ውጭ ልከን ስናስነብብ እያንዳንዱ ከሦስትና ከአራት የኤሮሞናስ ዝርያዎች ጋር በአንድ ጊዜ ከ99 በመቶ በላይ ይመሳሰላል የሚል መልስ መጣ። ሬፕ ፒሲአር በተባለው የዲኤንኤ ምርመራ ደግሞ 18ቱ በ9 የተለያዩ የባንድ (ዲኤንኤው በጄል ላይ የሚተወው መስመር) ንድፎች ተከፋፈሉ። እንግዲህ አንዱ ዘዴ «ሁሉም አንድ ናቸው» ሲለኝ ሌላው «ዘጠኝ ናቸው» አለኝ። የትኛውን ልመን? ዘጠኝ ከሆኑስ፣ ይህ ብዝኃነት ስለ ዓሦቹ ሞት አንዳች ነገር ይነግረኛል ወይስ በጽሑፌ ውስጥ ሠንጠረዥ ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የለውም? አርቢው ውጤቱን ስጠብቅ ስልክ እየደወሉ ነው፤ ምን እንደምላቸው አላውቅም።

---

ፔትሪ (አዲስ አበባ)፣ ታኅሣሥ 3

ጥያቄዎን በጥሩ ሁኔታ ስላቀረቡት መልሱም ቀሏል። ሁለቱ ዘዴዎች አልተጣሉም፤ የሚለኩት ነገር የተለያየ ነው።

16ኤስ ጂን ወደ 1,500 የሚጠጉ ፊደላት ያሉት፣ ሕዋሱ ፕሮቲን ለመሥራት የግድ ስለሚያስፈልገው እጅግ በዝግታ የሚለወጥ ጂን ነው። ባክቴሪያው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ይበቃል፤ በኤሮሞናስ ወገን ውስጥ ያሉትን ከ30 በላይ ዝርያዎች እርስ በርስ ለመለየት ግን አይበቃም። ከዚህም የከፋው፣ በአንዲት የኤሮሞናስ ሕዋስ ውስጥ የዚህ ጂን በርካታ ቅጂዎች ስላሉና ቅጂዎቹም አንዳንዴ በጥቂት ፊደላት ስለሚለያዩ፣ በሁለት ዝርያዎች መካከል የምናየው ልዩነት በአንድ ሕዋስ ውስጥ ካለው ልዩነት ላይበልጥ ይችላል። ስለዚህ የመጣልዎ መልስ «ኤሮሞናስ ነው» ከማለት አላለፈም፤ ያንን ደግሞ በኦክሲዴዝና በሌሎቹ ምርመራዎች አስቀድመው ደርሰውበት ነበር።

ሬፕ ፒሲአር በበኩሉ በጂኖሙ (በባክቴሪያው ጠቅላላ ዘረመል) ውስጥ ተበታትነው የሚገኙ ተደጋጋሚ ቅደም ተከተሎችን ተንተርሶ የጣት አሻራ የሚመስል ንድፍ ያወጣል። ቅርብ ዘመዳሞችን ይለያል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ንድፎች ሁለት ዝርያ ይሁኑ ወይም የአንድ ዝርያ ሁለት ስትሬይን (በዝርያው ውስጥ ያለ የዘር ሐረግ) አይናገርም። ጄሉ በተሠራበት ቀን፣ በፒሲአር ማሽኑና በዲኤንኤው ንጽሕና ላይ ተመሥርቶ ንድፉ መለዋወጡም የታወቀ ነው። 18ቱን በአንድ ጄል ላይ አብረው አሂደዋቸዋል? በሁለት ቀን ከተሠሩ አንድ አይሶሌት በሁለቱም ጄሎች ላይ ደግመው በማስገባት ንድፉ መመሳሰሉን ሳያረጋግጡ «9» የሚለውን ቁጥር በጽሑፍዎ ላይ እንዳያሰፍሩ እመክራለሁ።

ለዝርያ መለያ የሚሻሉት ጋይር-ቢ እና አርፖ-ዲ የተባሉት ጂኖች ናቸው። እነዚህም ለሕዋሱ ዕለታዊ ሥራ የግድ የሚያስፈልጉ ቢሆኑም ከ16ኤስ ፈጥነው ስለሚለወጡ ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላን ከኤሮሞናስ ቬሮኒ በግልጽ ይለያሉ። የብዙ ጂኖችን ቅደም ተከተል አንድ ላይ አያይዞ ማወዳደር ደግሞ የበለጠ ያስተማምናል። ሙሉ ጂኖም ማንበብ የሚቻል ከሆነ፣ ሁለት ባክቴሪያዎች በአማካይ ከ95 እስከ 96 በመቶ በላይ ከተመሳሰሉ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠራሉ።

ይህ የስም ጨዋታ እንዳይመስልዎ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ለእኛም የሚያኮራ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ስሙን ያገኘው ኤድዋርድሲየላ ታርዳ የተባለው ባክቴሪያ ለአሥርት ዓመታት ሰውንም ዓሣንም የሚያጠቃ አንድ ዝርያ ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታከለ አባይነህ ከኖርዌይ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከዓሣ የተገኙ አይሶሌቶችን በበርካታ ጂኖች ሲያነጻጽር፣ ከዓሣ የመጡት ከሰው ከመጡት ተነጥለው ለብቻቸው ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2013ም ኤድዋርድሲየላ ፒሲሲዳ የተባለ አዲስ ዝርያ ሆነው ተሰየሙ። በ2015 ኤድዋርድሲየላ አንጉዊላሩም ተከተለ። ከዚያ በፊት «ታርዳ» ተብለው በየማቀዝቀዣው የተቀመጡ ብዙ የዓሣ አይሶሌቶች እንደገና ሲታዩ ታርዳ ሆነው አልተገኙም። ኮለምናሪስ በተባለው የዓሣ በሽታም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1922 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ባክቴሪያ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠር፣ በመጨረሻም ፍላቮባክቴሪየም ኮለምናሬ ሲባል ቆይቶ፣ በ2022 በአራት ዝርያዎች ተከፈለ። ከአራቱ አንዱ ስሙን ያገኘው ከቆሮሶ ሳይንሳዊ ስም ነው፤ ፍላቮባክቴሪየም ኦሪዮክሮሚስ ይባላል።

---

ሐይቅ ዳር ሐኪም (ሐዋሳ)፣ ታኅሣሥ 4

የፔትሪን መልስ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ሆኖም የጠያቂያችን ሁለተኛው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ብዝኃነቱ ስለ ሞቱ አንዳች ነገር ይነግረናል ወይ? እኔ እንደማምነው በጣም ይነግረናል፤ ግን መጀመሪያ የብዝኃነቱን ምንጭ መለየት ያስፈልጋል።

በአንድ ኩሬ ዓሣ የሚሞትባቸውን ሁለት መንገዶች እናስብ። በመጀመሪያው መንገድ ውኃው ይበላሻል፤ ኦክስጅን ያንሳል፣ አሲድነት ይጨምራል፣ ዓሣው ይዳከማል፤ ዓመቱን ሙሉ በውኃው ውስጥና በዓሣው ቆዳ ላይ ያለ ጉዳት ይኖሩ የነበሩት ባክቴሪያዎች የተከፈተውን በር ሁሉ ይገቡበታል። በዚህ ጊዜ ከሞቱት ዓሦች የምናገኘው ልዩ ልዩ ዝርያና ልዩ ልዩ ስትሬይን ነው፤ ምክንያቱም ገዳዩ ባክቴሪያው ሳይሆን ድካሙ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ለቀብር የመጡ ናቸው ቢባል ይቀላል። በሁለተኛው መንገድ ግን አንድ ኃይለኛ ስትሬይን ከውጭ ይገባና ከዓሣ ወደ ዓሣ ይዛመታል። በዚህ ጊዜ ከየሬሳው የምናወጣው ባክቴሪያ አንድና ያው፣ የአንድ እናት ልጅ ይሆናል።

ለሁለተኛው መንገድ ከሚታወቁት ምሳሌዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ አላባማ ክፍለ ሀገር የደረሰው ነው። ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ እስከዚያ ድረስ በእርባታ አምባዛዎች ላይ የደካማ ዓሣ በሽታ ተደርጎ ይታይ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ለገበያ የደረሱ ጤነኛ ዓሦችን በጅምላ መግደል ጀመረ፤ አይሶሌቶቹ በዘረመል ሲመረመሩ ከአንድ ግንድ የወጡ፣ ከቻይና የካርፕ ዓሣ ከተገኙ ስትሬይኖችም ጋር እጅግ የሚቀራረቡ ሆነው ተገኙ። የባክቴሪያው ስም አልተለወጠም፤ የዘረመል ምርመራው ባይኖር ኖሮ «ያው የተለመደው ኤሮሞናስ ነው» ተብሎ በታለፈ ነበር። በቆሮሶ ላይ የሚታየው ፍራንሲሴላ ኦሪየንታሊስ የተባለው ባክቴሪያም በብዙ አገሮች ቢገኝ እንኳ ዘረመሉ እጅግ ተመሳሳይ መሆኑ ብዙዎችን ከዓሣው ጋር አብሮ ተጓጉዟል ወደሚል ግምት መርቷቸዋል።

ስለዚህ በእርባታው ባለቤትና በወንድማቸው ልጅ መካከል ያለው ክርክር በመርህ ደረጃ በላቦራቶሪ የሚዳኝ ክርክር ነው። ከመፍረዳችን በፊት ግን ሁለት ነገሮች እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ 18ቱ አይሶሌቶች ከየትኛው የአካል ክፍል የመጡ ናቸው? ከቁስልና ከስንጥብ የሚወሰድ ናሙና የውኃውን ሕዝብ ይዞ ይመጣል፤ በቁስል ላይ ዘጠኝ ዓይነት ኤሮሞናስ መገኘቱ አያስገርምም፤ እንዲያውም ባይገኝ ይገርመኝ ነበር። ከኩላሊትና ከጣፊያ በንጽሕና የተወሰደው ግን ደም ውስጥ ገብቶ የተራባውን ያሳያል። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ደባልቆ ብዝኃነት መቁጠር ገበያተኛውንና ቤተኛውን አብሮ እንደመቁጠር ነው።

ሁለተኛ፣ በስንት ዲግሪ አሳደጓቸው? ብዙ ላቦራቶሪዎች ኢንኩቤተሩ ለሰው ሕመም ስለተዘጋጀ በ37 ዲግሪ ያስገቡታል። የዓሣ ባክቴሪያ በ28 ዲግሪ አካባቢ ቢያድግ ይመረጣል፤ በ37 የማያድጉት ወይም ቀስ ብለው የሚያድጉት ሳይታዩ ይቀራሉ። በተራ የደም አጋር (ባክቴሪያ በሳህን የሚበቅልበት ምግብ) ላይ ኤሮሞናስ በአንድ ቀን ሜዳውን ሞልቶ ስለሚያድር ቀርፋፋዎቹን ይሸፍናቸዋል። ፍላቮባክቴሪየም በምግብ የደኸየ አጋር ይፈልጋል፤ ፍራንሲሴላ ደግሞ ሲስቲን የተጨመረበት ካልሆነ አይበቅልም። በመሆኑም የምንለካው ብዝኃነት ሁልጊዜ በእኛ ሳህን ላይ የበቀለውን ብቻ ነው።

---

አዌቱ ዳር (ጅማ)፣ ታኅሣሥ 6

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሐይቅ ዳር ሐኪም ከጠየቁኝ በኋላ የናሙና መዝገቤን ከጄሉ ፎቶ ጎን አስቀምጬ እንደገና አየሁት፤ ቀድሞ ባለማድረጌም አፈርሁ።

ከ18ቱ 6ቱ ከኩላሊት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከተለያየ ዓሣ። 12ቱ ከቁስልና ከስንጥብ ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ከአንድ ዓሣ ሁለት ኮሎኒ (በሳህን ላይ የበቀለ የባክቴሪያ ክምችት) የወሰድሁባቸው አሉ። ንድፎቹን በፊደል ሰይሜያቸው ነበርና፣ ከኩላሊት የመጡት 6 አይሶሌቶች ውስጥ 5ቱ ንድፍ «ሀ» ሲሆኑ አንዱ ብቻ ንድፍ «ለ» ነው። ከቁስልና ከስንጥብ የመጡት 12 ግን ሁለቱ «ሀ»፣ አንዱ «ለ»፣ የቀሩት 9 በሌሎች 7 ንድፎች የተበታተኑ ናቸው። ማለትም «ዘጠኝ ዓይነት» እያልሁ የደነቅሁበት ብዝኃነት አብዛኛው ቆዳ ላይ ነው።

በጄሉ ፎቶ ላይ አምስቱ የኩላሊት ረድፎች ጎን ለጎን አልነበሩም፤ በናሙና ቁጥራቸው ቅደም ተከተል ስለገቡ በመካከላቸው የቁስል አይሶሌቶች ተሰግስገው ነበር። ፎቶውን በኮምፒዩተር ቆርጬ አምስቱን ጎን ለጎን ሳደርጋቸው፣ ከላይ ጥንድ ሆነው የሚታዩት ሁለት ባንዶችና ከታች ያለው ወፍራም ባንድ በአምስቱም ላይ በትክክል ገጠሙ። 18ቱም በአንድ ጄል ላይ በአንድ ቀን የተሠሩ መሆናቸውን ለፔትሪ አረጋግጣለሁ። የሙቀቱ ነገር ግን እንደተባለው ነው፤ ያለን ኢንኩቤተር አንድ ስለሆነና ሌሎችም ስለሚጠቀሙበት በ37 ዲግሪ ነው ያሳደግኋቸው።

ታዲያ አሁን የወንድም ልጅዬው አሸነፈ ማለት ነው?

---

ሐይቅ ዳር ሐኪም (ሐዋሳ)፣ ታኅሣሥ 6

አላሸነፈም፤ ግን ክርክሩ ሕይወት ዘራ። መዝገቡን ከጄሉ ጋር ማስተያየትዎ ከብዙ ተጨማሪ ምርመራ የበለጠ ዋጋ አለው።

አምስት ዓሦች በኩላሊታቸው ውስጥ አንድ ንድፍ መያዛቸው በአጋጣሚ የተሰበሰቡ የውኃ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚለውን ግምት ያዳክመዋል። ይሁን እንጂ «አንድ ስትሬይን ተዛምቷል» እና «አንድ ስትሬይን ከውጭ ገብቷል» የሚሉት ሁለት የተለያዩ አባባሎች ናቸው። ንድፍ «ሀ» ለዓመታት በዚያው ኩሬ ጭቃ ውስጥ የኖረ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ደም ውስጥ ገብቶ መኖር የሚችል የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ውኃው ሲበላሽም በሩን ቀድሞ ያለፈው እርሱ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ፍሳሹም ባክቴሪያውም አብረው ጥፋተኛ ናቸው። መለየት የሚቻለው ከሦስት ቦታ በተጨማሪ ናሙና ነው፤ ጫጩቶቹ ከመጡበት ኩሬ፣ ከጅረቷ ውኃ ከኩሬዎቹ በላይ፣ እንዲሁም አዲስ ጫጩት ካልገባበት ኩሬ ካለ ከዚያ። «ሀ» በጫጩቶቹ መነሻ ኩሬ ተገኝቶ በጅረቷ ካልተገኘ ነገሩ ወደ ወንድም ልጅ ያደላል።

ኦክስጅኑን የለካው ሰው አለ? ካልተለካ ሊነጋጋ ሲል ይለካ፤ የኩሬ ኦክስጅን ዝቅ የሚለው በዚያ ሰዓት ነውና እኩለ ቀን ላይ የተለካ ቁጥር ያታልላል። ቆሮሶ ቻይ ዓሣ ቢሆንም በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች ሆኖ ለብዙ ሰዓታት ከቆየ ይዳከማል። የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ስኳሩና ልጋጉ ሲበሰብስ ኦክስጅን ስለሚጨርስና ውኃውንም አሲዳማ ስለሚያደርግ ፒኤች አብሮ ቢለካ መልካም ነው።

---

ፔትሪ (አዲስ አበባ)፣ ታኅሣሥ 7

አንድ ማስጠንቀቂያ እጨምራለሁ። በሬፕ ፒሲአር አንድ መምሰል በጂኖም አንድ መሆን አይደለም። ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ 18ቱንም በጋይር-ቢ አስነብበው፣ ከዚያ ከንድፍ «ሀ» ሦስት፣ ከሌሎቹ ሁለት ብቻ መርጠው ሙሉ ጂኖማቸውን ቢያስነብቡ ሁሉንም በሬፕ ከመድገም ይሻላል። ሙሉ ጂኖሙ ዝምድናውን ብቻ ሳይሆን ስትሬይኑ ምን ይዞ እንደሚዞር ጭምር ያሳያል።

ይህን የምለው ባክቴሪያዎች የሚለያዩት በፊደል ለውጥ ብቻ ስላልሆነ ነው። በኤሮሞናስ ዓይነቱ ወገን ዘንድ ከጎረቤት የሚገኘው ጂን ከእናት ከሚወረሰው ባልተናነሰ ይቆጠራል። በፕላዝሚድ (ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ሊተላለፍ በሚችል ትንሽ ዲኤንኤ)፣ በባክቴሪያ ቫይረስ፣ ወይም ከሞተ ሕዋስ የተረፈውን ዲኤንኤ በመውሰድ አንድ ስትሬይን መርዝ የሚሠራበትን ወይም መድኃኒት የሚቋቋምበትን ጂን በአንድ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል። ሊያጣም ይችላል፤ የሳልሞን ዓሣን የሚያጠቃው ኤሮሞናስ ሳልሞኒሲዳ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲያድግ ኃይለኛነቱን የሚሰጠውን ፕላዝሚድ ክፍል ሊጥል እንደሚችል ታውቋል። ያ በቀዝቃዛ ውኃ የሚኖር ዝርያ ስለሆነ ከእርስዎ ኩሬ ጋር አይገናኝም፤ ነገር ግን በ37 ዲግሪ ደጋግሞ ማሳደግ ናሙናውን ሊለውጠው እንደሚችል ያስታውሰናል። ካሁን በኋላ የሚያገኙትን አይሶሌት ከመጀመሪያው ንጹሕ እርባታ ወዲያውኑ 20 በመቶ ግሊሰሮል ባለው ፈሳሽ ውስጥ አድርገው በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡት። መብራት ስለሚጠፋ ቅጂውን በሁለት ማቀዝቀዣ ማኖር ነውር የለውም። እኔ የሁለት ዓመት ሥራ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ቀልጦ ሰኞ ጠዋት ያገኘሁ ሰው ነኝ።

---

የኩሬ ሰው (ሰቃ)፣ ታኅሣሥ 8

ሰላም ለሁላችሁ። ተመራማሪ አይደለሁም፤ በጅማ ዙሪያ አርቢዎችን በሙያ የምረዳ ሰው ነኝ። የምትሉት አብዛኛው ይገባኛል፤ ለእኔ የሚያስፈልገኝ ግን የሚከተለው ነው። አርቢዎቻችን ዓሣ ሲሞት ለከብት የተገዛ ኦክሲቴትራሳይክሊን ከመኖ ጋር ቀላቅለው ይሰጣሉ፤ አንዳንዴ ሞቱ ይቆማል፣ አንዳንዴ አይቆምም። ይህ ከምትሉት ብዝኃነት ጋር ይገናኛል? ክትባትስ ለምን አይመጣልንም? ዐቢይ ጾም ሲደርስ የዓሣ ዋጋ ስለሚወጣ ሁሉም ያን ጊዜ ለመሸጥ ነው የሚያረባው፤ ከዚያ በፊት ዓሣው ካለቀ የዓመት ድካም ይቀራል።

---

ሐይቅ ዳር ሐኪም (ሐዋሳ)፣ ታኅሣሥ 8

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የነገሩ ዋና ጥያቄ ነው።

መድኃኒቱ አንዴ ሠርቶ አንዴ የማይሠራበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። የታመመ ዓሣ መኖ ስለማይበላ መድኃኒቱን የሚወስዱት ጤነኞቹ ናቸው። ሞቱ የውኃ ጉዳይ ከሆነም ዝናብ ወርዶ ወይም ማጠቢያው ሥራ ሲያቆም በራሱ ይቆማል፤ ምስጋናውን መድኃኒቱ ይወስዳል። ብዝኃነት የሚገባው በሦስተኛው ምክንያት ነው፤ ከአንድ ኩሬ የሚወጡ ሁለት ኤሮሞናሶች አንዱ ለቴትራሳይክሊን የሚሸነፍ፣ ሌላው የመቋቋሚያ ጂን በፕላዝሚድ የያዘ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ የመጀመሪያውን ይጠርግና ሜዳውን ለሁለተኛው ይተዋል። ስለዚህ አንድ ኮሎኒ ብቻ መርምሮ «ይህ መድኃኒት ይሠራል» ማለት ያሳስታል፤ ከበርካታ ዓሦች ኩላሊት የተገኙትን መመርመር ያስፈልጋል። ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ አምፒሲሊንን በተፈጥሮው ስለሚቋቋም ደግሞ እርሱን መሞከሩ ገንዘብ ማባከን ነው።

ክትባት የሚሠራው ባክቴሪያው የሚለብሰውን ልብስ ዓሣው እንዲለይ በማስተማር ነው። ልብሱ ከስትሬይን ስትሬይን ከተለያየ ክትባቱ የሚያውቀውን ብቻ ይከላከላል። ለቆሮሶ ትልቅ ጠላት የሆነው ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲዬ የተባለው ባክቴሪያ በዓሣ ላይ በብዛት የሚገኘው በሦስት የሴሮታይፕ ዓይነቶች፣ ማለትም በሦስት ልብስ ነው፤ በአንደኛው የተሠራ ክትባት ለሌላው እምብዛም ላይጠቅም ይችላል። ስለዚህ ክትባት የሚያመጣ ሰው በመጀመሪያ በአካባቢው የትኛው እንዳለ ማወቅ አለበት፤ የአዌቱ ዳር ዓይነቱ ሥራ ያን የሚያስገኝ ነው። ኤሮሞናስን በተመለከተ ስትሬይኑ እጅግ ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሆን አንድ ክትባት ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። በሌሎች አገሮች ከራሱ እርባታ የተወሰደውን ስትሬይን ገድሎ ለዚያው እርባታ ክትባት የማድረግ ልማድ አለ፤ ይህም የሚያዋጣው አንድ ስትሬይን ነግሦ ሲገኝ ነው። በቆዳ ላይ ባሉት ሰባት ዓይነቶች ቢሠራ ልፋት ብቻ ይሆናል።

ጥቂት ከርዕሱ ወጣ ልበልና፣ የስትሬፕቶኮከሱ ብዝኃነት ለሰውም ጉዳይ ነው። ለዓሣ ብቻ የተስማሙ፣ ጂኖማቸው ያነሰና ሰውን ሲያጠቁ እምብዛም የማይታዩ ግንዶች አሉ፤ 283 የሚል ቁጥር የተሰጠው ግንድ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 በሲንጋፖር ጥሬ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ የበሉ ሰዎችን በከባድ ሁኔታ አሳምሟል። እኛ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ የምንበላ ሰዎች ስለሆንን ይህን ሳነብ ለጊዜው ጉርሻዬን አቁሜ ነበር። የታመመ ዓሣ ካለበት ኩሬ የወጣ ዓሣ በደንብ ካልበሰለ እንዳይበላ ለአርቢዎችዎ ይንገሩልኝ።

---

አዌቱ ዳር (ጅማ)፣ ታኅሣሥ 12

ትናንት ጎሕ ሳይቀድ በ11 ሰዓት ኩሬው ዳር ነበርሁ። የኦክስጅን መለኪያውን ከአንድ መምህር ተውሼ ነበር። አዲስ ጫጩት በገባባቸው በሁለቱ ኩሬዎች 2.1 እና 2.4፣ ጫጩት ባልገባበት በሦስተኛው ደግሞ 2.2 ሚሊግራም በሊትር አገኘሁ። ቆሮሶዎቹ በሦስቱም ኩሬዎች አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ውኃው ፊት ላይ ተደርድረው ነበር። የሞተ ዓሣ የተገኘው ግን በሁለቱ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው እስካሁን አንድም አልሞተም ይላሉ፤ ይህንንም ባለቤቱና የወንድማቸው ልጅ ሳይከራከሩ በአንድ ቃል ነገሩኝ።

ለባለቤቱ ያልኋቸው ይህን ነው፦ ውኃው ዓሦቹን እንዳደከማቸው ተለክቷል፤ የገደላቸው ግን በሁለቱ ኩሬዎች ያለ አንድ ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም፤ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጫጩት የሸጡላቸውን ሰው ኩሬ ማየት ያስፈልገናል። እስከዚያው ከሁለቱ ኩሬዎች ወደ ሦስተኛው ዓሣም መረብም እንዳያሻግሩ፣ የሞተውንም በየጠዋቱ አውጥተው እንዲቀብሩ ነግሬያቸዋለሁ። ሽማግሌው ዝም ብለው አዳመጡኝና «እንግዲያው ሰውየው ዘንድ እኔ ራሴ እወስድሃለሁ፤ ለብቻህ ብትሄድ አያስገባህም» አሉኝ።

ቀጠሯችን ሐሙስ ነው። ከጫጩቶቹ መነሻ ኩሬ ቢያንስ ከ10 ዓሦች ኩላሊት፣ ከጅረቷም በላይኛው በኩል የውኃ ናሙና እወስዳለሁ፤ ኢንኩቤተሩንም ለአንድ ሳምንት ለብቻዬ በ28 ዲግሪ እንድጠቀምበት ተፈቅዶልኛል። አንድ ጥያቄ ለፔትሪ፦ ከዚያ ኩሬ የሚገኙት ዓሦች ጤነኛ ሆነው ቢታዩ፣ ከኩላሊታቸው ምንም ባይበቅል ከአንጀታቸው ልውሰድ?

---

ፔትሪ (አዲስ አበባ)፣ ታኅሣሥ 12

ይውሰዱ፤ ግን በመዝገብዎ ለብቻው ይጻፉት። ተሸካሚ ዓሣ ኩላሊቱ ንጹሕ ሆኖ አንጀቱ ውስጥ ሊይዘው ይችላል። ከአንጀት የሚበቅለው ብዙና ልዩ ልዩ ስለሚሆን ከአንድ ዓሣ ቢያንስ አምስት አምስት ኮሎኒ ያንሡ፤ ንድፍ «ሀ»ን የሚፈልጉት በብዙ መካከል ነውና በአንድ ኮሎኒ ባያገኙት «የለም» ማለት አይችሉም። ጄሉ ላይ ከአዲሶቹ ጎን ከቀድሞዎቹ የኩላሊት አይሶሌቶች ሁለቱን ማስገባትም አይርሱ።